ስለ ማንጎና ስለ ፓፓያ አበላል

ፀሐይ ጠልቃ ዓይን ሲይዝ፣ ቀን ሲሮጥ የዋለ ሕፃን ግድግዳ እየዳሰሰ የገዛ ቤቱን ደጃፍ ቢያጣ፣ እናቱ «ዳፍንት ያዘው» ትላለች። ስሙ በአገሩ ቋንቋ የቆየ እንደ መሆኑ መጠን በሽታውም የቆየ ነው። ምክንያቱ ቪታሚን ኤ የተባለው ነገር በሰውነት ውስጥ ማነሱ ሲሆን፣ ጉድለቱ ሲበረታ ዓይን ይደርቃል፣ ይቈስላል፣ በመጨረሻም ጨርሶ ይጠፋል፤ ኩፍኝ የተጨመረበት እንደ ሆነ ደግሞ ሕፃኑን ለሞት እስከ ማድረስ ይደርሳል።

የዚህ ጉድለት መድኃኒት በቆላውና በወይና ደጋው ጓሮ ይበቅላል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የማንጎና የፓፓያ ችግኝ ያድላሉ፤ የታደለውንም ቈጥረው በመዝገብ ያሰፍራሉ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የተቈጠረ ችግኝ ሁሉ የተበላ ፍሬ አይደለም፤ የተበላ ፍሬም ሁሉ ለሰውነት የደረሰ አይደለም። ክርክሩ ያለው በዚህ በኋለኛው ነገር ላይ ነው፤ ስለ እርሱም ለገበሬው የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው።

ፍሬውን ብጫ የሚያደርገው ቀለም ካሮቲን ይባላል። ካሮቲን ራሱ ቪታሚን ኤ አይደለም፤ ቪታሚኑ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው እንጂ። ጠባዩም ከውኃ ጋር የማይስማማ፣ በቅባት ብቻ የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ፍሬው በጥርስ ከደቀቀና በሆድ ከላመ በኋላ፣ የተፈታው ካሮቲን ወደ ሰውነት የሚሻገረው በመብሉ ውስጥ ካለው ቅባት ጋር ሲቀላቀል ነው። ቅባት ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ከከረጢቱ ይፈስሳል፤ ሐሞቱም ቅባቱን እጅግ ወደ ደቀቀ ነጠብጣብ ይበትነዋል፤ ካሮቲኑም በነጠብጣቡ ላይ ተጭኖ ወደ አንጀት ግድግዳ ይገባል። በዚያ ከፊሉ ከመካከሉ ተቈርጦ ቪታሚን ኤ ይሆንና ከቅባቱ ጋር ተጉዞ በጉበት ይከማቻል። በመብሉ ቅባት ከሌለ ግን ሐሞቱም በሚገባ አይፈስስም፣ ተሸካሚም አይገኝም፤ ካሮቲኑም አብዛኛው ከእዳሪ ጋር ወጥቶ ይቀራል።

ብዙ ሰው «ጎመን የሚበላ ልጅ ቪታሚን አያጣም» ሲል ይሰማል። ጎመን መልካም መብል ነው፤ ይሁን እንጂ በቅጠል ውስጥ ያለው ካሮቲን ከፕሮቲን ጋር ተሳስሮ የተቀመጠ ስለ ሆነ በቀላሉ አይፈታም። በካሮት ሥርም ውስጥ እንደ ደረቅ ቅንጣት ሆኖ ይገኛል። በማንጎና በፓፓያ ግን ቀድሞውኑ በፍሬው ጥቃቅን ቅባት ውስጥ ሟሙቶ ስለሚገኝ ለአንጀት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በኢንዶኔዥያ በምዕራብ ጃቫ በሚያጠቡ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቅጠላ ቅጠል መጨመር ብቻውን የቪታሚን ኤ ይዞታቸውን እንዳላሻሻለው አሳየ። በ1998 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. በተማሪዎች ላይ ሆኖ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ 1 ክፍል ቪታሚን ለማግኘት ከፍሬ 12 ክፍል፣ ከቅጠል ግን 26 ክፍል ካሮቲን እንደሚያስፈልግ ገመተ። ቀድሞ ለሁሉም 6 ክፍል ይበቃል ይባል ነበርና፣ የድሮው ስሌት ምን ያህል ቸር እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

የሚያስፈልገው ቅባት ብዙ አይደለም፤ በአንድ ማዕድ ከ3 እስከ 5 ግራም፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ያህል ይበቃል። ነገር ግን ሕፃናት ማንጎ የሚበሉት መቼ ነው? በረሃብ ሰዓት፣ ከዛፍ ሥር፣ በባዶ ሆድ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ገና አረንጓዴ ሳለ በጨው፣ ካሮቲኑ ሳይሞላ። የበሰለውና ያማረው ወደ ገበያ ይጫናል። ያንኑ የበሰለ ፍሬ ወጥ ከተበላ በኋላ በዚያው ማዕድ ላይ ቢሰጡት ዋጋው ሌላ በሆነ ነበር። በጾም ወራት ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ከማዕድ ስለሚነሡ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ ሆኖም የኑግ፣ የሰሊጥና የተልባ ዘይት በጾም የተፈቀደ ነውና ምክንያት የለም። በከተማ ጭማቂ ቤት ያለው ደንበኛ ሳያውቀው ከገበሬው ልጅ ይሻላል፤ ስፕሪስ ብሎ የሚጠጣው ማንጎና ፓፓያ ከአቮካዶ ጋር ስለሚደረብ፣ የአቮካዶው ቅባት ካሮቲኑን ይሸከምለታልና።

አንዳንድ ጥንቃቄም አለ። የቀላ ሁሉ ቪታሚን አይሆንም፤ የቀይ ፓፓያና የቀይ ዘይቱን ቅላት በብዛት የሚመጣው ሊኮፒን ከሚባለው ቀለም ነው፤ እርሱም ወደ ቪታሚን ኤ አይለወጥም፤ በፓፓያው ውስጥ ግን ካሮቲኑም አብሮ አለ። ፍሬ አብዝቶ የበላ ሰው መዳፉ ብጫ ቢሆን አይደንግጥ፤ ሰውነት የሚበቃውን ለውጦ የቀረውን ይተወዋልና። ወስፋት ያለበት ልጅ ግን ምን ቢመግቡት የሚደርሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ችግኝ የሚያድል ሠራተኛ ችግኙን ሲሰጥ አበላሉንም ቢነግር፣ በተለይም ለባል ብቻ ሳይሆን ለሚስት ቢነግር፣ ወጪ የሌለው ሥራ ነው። ማንጎ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ይህን ሊጠብቅ አይችልም። ፓፓያ ግን በሚስማማው ሥፍራ በአንድ ዓመት ገደማ ፍሬ ይሰጣል። በአንድ ጕድጓድ ሦስት ችግኝ ተክሎ ሲያብቡ ትርፍ የሆነውን ወንዴ መንቀልና ሴቴውን መተው፣ ውኃ ከሥሩ እንዳይተኛ አፈሩን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ የዕቃ ማጠቢያውም ውኃ ያለ ብዙ ሳሙና ከሆነ በበጋ ያጠጣዋል። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ግን ፓፓያ ስለማይጸና፣ በዚያ ዱባ ተቀቅሎ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ለልጆች ይቅረብ።