«ፎርማት እናድርገው»

አዲስ አበባ፣ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢም ሆነ ወደ ሙዚቃ ሰፈር ገባ ሲባል፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የዲቪ ፎርም መሙላትና ኮምፒውተር ጥገና በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚሠራባቸው ቤቶች አይጠፉም። «ኮምፒውተሬ ይንቀረፈፋል» ብሎ የገባ ሰው የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ፎርማት እናድርገው»። ቫይረስ ይዞት ይሁን፣ ዲስኩ ጢም ብሎ፣ ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ወይስ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት እያጣጣረ፣ መልሱ አይለወጥም። ይህን ልማድ አልወደውም። ፎርማት አይሠራም ማለቴ አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ የሚያታልለንም ይኸው ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ የሚለው ነው። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ የማንበቢያ ክንድ አለው። ላፕቶፕ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ 90 መሆኑ ነው። ክንዱ አንዱን ፋይል አንብቦ ወደ ሌላው ለመሄድ፣ ከዚያም ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስለት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በሴኮንድ ከመቶ ያህል ብዙም አያልፍም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልገው ደግሞ እነዚህኑ ትናንሽ ፋይሎች በሺዎች ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ንባብ ያካሂዳል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ የሚመጣውን ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ምንም ሳትሠሩ «ዲስክ» የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ከቆየ፣ የችግሩ ቦታ ተገኘ ማለት ይቻላል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትነኩ የዲስኩ ዓይነትም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ እግሩ ከተሰበረ በቅሎ ላይ ጭነት አውርዶ «በል አሁን ሩጥ» እንደማለት ነው።

ኤስኤስዲ ማስገባት ገንዘብ ይጠይቃል፤ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ተሻግሮ ሄዷል። ዕቃውም አብሮት ወጥቷል። በዚያ ላይ ለአርተፊሻል ኢንተለጀንስ የሚገነቡት ዳታ ሴንተሮች ቺፑን እየተሻሙ የራምና የኤስኤስዲን ዋጋ በዓለም ገበያ አስወድደውታል። ሆኖም 240 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ አዲስ ላፕቶፕ ከሚጠይቀው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ያለውን ሲስተም ከነፋይሉ ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ ስለሚቻል ፎርማትም አያስፈልገውም።

ወደ ዲስኩ መሙላት ልምጣ። ሲ ድራይቭ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሲቀረው ዊንዶውስ መፈናፈኛ ያጣል፤ አፕዴት አይጭንም፣ ራም ሲያንሰው የሚጠቀምበት ትርፍ ቦታም ያጥረዋል። ታዲያ ቦታውን ማን በላው? በእኛ ቤት ተጠርጣሪው ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው።

ቴሌግራም እኛ ዘንድ መልእክት መላላኪያ ብቻ አይደለም። የዕድሩ ማስታወቂያ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ጭቅጭቅ፣ የልጆች ወርክሺት፣ በፒዲኤፍ የሚዞረው ልቦለድ፣ የፊልሙ ቻናል፣ መዝሙሩ ሁሉ በእርሱ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ ያወረዳችሁት ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ይከማቻል፤ አንዱ ፋይል ደግሞ ደጋግሞ ሲወርድ ስሙ ላይ ቁጥር እየተጨመረ ይባዛል። ከዚህ ሌላ ዓይናችሁ ያረፈበት ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ለብቻው ይጠራቀማል። ደግነቱ የመደበኛ ቻቱ ፋይል ዋናው ቅጂ ያለው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው። ላኪው ወይም የቻናሉ ባለቤት እስካላጠፋው ድረስ ከኮምፒውተራችሁ ብታጠፉት ተመልሶ ይወርዳል። ሴቲንግ ውስጥ «አድቫንስድ» ገብታችሁ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» የሚለውን ስትከፍቱ ካሹን ማጽዳትም፣ ከዚህ በላይ እንዳይወፍር ጣሪያ መወሰንም ይቻላል። ፋይል በራሱ እንዳይወርድ የሚከለክለውም እዚያው አካባቢ ነው። ሌላውን ለማየት የዊንዶውስ ሴቲንግ «ስቶሬጅ» ገጽ በቂ ነው። በሥዕል የሚያሳይ የፈለገ ዊንዲርስታት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫን። ትልልቆቹ ፋይሎች በትልልቅ ሣጥን ተስለው ስለሚታዩ የት እንደተወሸቁ መፈለግ አያደክምም።

ትልቁ ሣጥን የሠርግ ቪዲዮ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እርሱ አይጠፋም፤ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይዛወራል፣ ቢቻል ሁለት ቦታ። ፎርማትን የምፈራውም በዚህ ነው። ጠጋኙ «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሰዉ ግን የልጁን ልደት ፎቶ፣ የፓስፖርቱን ስካን፣ የዲቪ ማረጋገጫ ቁጥሩን የሚያስቀምጠው ዓይኑ የሚያየው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ደግሞ ካልተዛወሩ በስተቀር ሲ ውስጥ ናቸው።

ፍላሽም ላይ ያው ነው። ሾርትከት የሚባለው ቫይረስ ፎልደሮቻችንን ደብቆ በምትካቸው የሐሰት አይከን ይደረድራል። ባለቤቱ «ፋይሌ ጠፋ» ይላል፣ ጠጋኙ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ፋይሉ እኮ አልጠፋም ነበር፤ ተደብቆ ነው። ቫይረሱን አጽድቶ መደበቁን በአንዲት «አትሪብ» የምትባል ትእዛዝ ማንሳት ይቻል ነበር። ያጠፋው ፎርማቱ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ምክርም እንዳለ አይወሰድም። ቦታ ለማስለቀቅ «ሃይበርኔሽንን ዝጉት» የሚል ምክር በብዛት ይሰጣል። እርግጥ ሃይበርኔሽን የተከፈተውን ሥራ የሚያስቀምጥበት ፋይል የራሙን 40 ፐርሰንት ያህል ይይዛል፤ 8 ጊጋባይት ራም ላለው ከ3 ጊጋባይት በላይ ነው። ግን መብራት ድንገት በሚሄድበት ሰፈር፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ፣ ያልተቀመጠ ሥራችሁን የሚያተርፈው እርሱ ሊሆን ይችላል። ለቡ ለሚኖር ሰው ዝጋው አልለውም። «ኮምፒውተር ያፋጥናል» የሚሉትን ፕሮግራሞችም በጥርጣሬ ነው የማያቸው። ዝነኛው ሲክሊነር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ውስጡ ቫይረስ ተሰውሮበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል። ማፋጠን ከተፈለገ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» ገብቶ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሱትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች መዝጋት በነፃ ይገኛል። አቧራውም አይረሳ። ግንባታ በማይቋረጥበት ሰፈር ፋን ቶሎ ይታፈናል፤ ፕሮሰሰሩም ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ይህን ደግሞ የትኛውም ፎርማት አይጠርገውም።

አሁን የፎርማት ገበያ የሚደራበት አዲስ ምክንያት መጥቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። ዩዝድ ተገዝተው ቤታችን ከገቡት ብዙዎቹ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ናቸው። በጓሮ በር ዊንዶውስ 11 የሚጭንላችሁ አይጠፋም፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይገባም። እኔ ብሆን ባለ ኤስኤስዲው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም እጭናለሁ። በ2016 ክረምት የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለሚከታተል ልጅ ብሮውዘር እስከከፈተለት ድረስ ምን ጎደለው?

ጠጋኞቹን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። ፎርማት ዋጋ አለው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሳይከራከርም ይከፍላል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ የዲስኩን ጤና ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ፕሮግራም አይቶ፣ ቴሌግራሙን ፈትሾ «ይኸ ፎርማት አያስፈልገውም፣ ፋኑን ጠርጌዋለሁ፣ ዲስኩን ግን ቶሎ ቀይረው» ያለ ልጅ ሒሳብ ሲጠይቅ «ምን ሠራህና?» ይባላል። ስለዚህ የሚከፈልበትን ይሠራል። ደጃፋቸው ላይ በተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር «ፎርማት» ከሚለው በላይ «ምርመራ» የሚል መስመር ይጨምሩ፤ እኛም ሳናጉረመርም እንክፈል።