የደረቀው ግንድና የቲማቲሙ አበባ

ከጉዱማሌ ብዙም በማይርቀው ግቢያችን ጥግ ለዓመታት የቆመ ደረቅ የግራር ግንድ ነበር። በክብ ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ጥቁር ንቦች ይገቡና ይወጡ ነበር፤ አንዳንዶች ከጥንዚዛ የሚያምታቷቸው ማለቴ ነው። ግንዱን ሲጨርሱ ወደ ጣራዬ እንጨት ይሻገራሉ ብዬ ሠጋሁና አስፈልጬ ለማገዶ አዋልሁት። በተከታዩ ወቅት ቲማቲሙ እንደ ልማዱ አበበ፤ አብዛኛው አበባ ግን ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። ማዳበሪያ ጨመርሁ፤ ውኃም ጨመርሁ። ለባዮሎጂ ባልደረባዬ ጉዳዩን ሳጫውተው ስለ አፈሩ አልጠየቀኝም። «ንቦቹስ?» አለኝ።

የአንድ ግቢ የአንድ ወቅት ገጠመኝ ማስረጃ እንደማይሆን ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግራቸው እኔው ነኝ። ሙቀትም አበባ ያረግፋል። አሠራሩ ግን በሚገባ የታወቀ ነው። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን የሚይዘው ጫፉ ላይ ብቻ በተከፈተ ቱቦ ውስጥ ነው። ነፋስ ጥቂቱን ያራግፈዋል፤ በደንብ የሚያወጣው ግን ንዝረት ነው። ጥቁሯ ንብ አበባውን አቅፋ፣ ክንፏን ሳታርገበግብ፣ የበረራ ጡንቻዋን በሰከንድ ከ100 እስከ 400 ጊዜ ያህል ታንቀጠቅጣለች። ማር የምትሰጠን ንብ ይህን አትችልም። የሚጠራጠር ተማሪ በላቦራቶሪ የሚያውቀውን ባለ 256 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ መትቶ በፈካ የቲማቲም አበባ ላይ ያስነካ፤ ዱቄቱ ሲበን በዓይኑ ያያል።

ስለ ነፍሳት መመናመን ሲነሣ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። እውነት ነው፤ አበባ በፈካበት ሰዓት ማላታዮን የሚረጭ ሰው ንቧንም ይገድላል። ነገር ግን የምንኮራበት «ንጹሕ ግቢ» ከመርዙ የማይተናነስ ጥፋት ያለበት ይመስለኛል። በዓለም ከሚታወቁት 20,000 ገደማ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ቀፎ አያውቁም፤ በባዶ መሬት ወይም በደረቅ እንጨት ውስጥ ይራባሉ። ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ስናለብስ፣ ደረቁን ሁሉ ስናቃጥል ማደሪያ እናሳጣቸዋለን። እንሰት ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ስለሚባዛ ጉድለቱን አያሳየንም። አቮካዶ ግን ያሳየናል፤ እያንዳንዱ አበባው መጀመሪያ በሴትነት፣ ኋላ በወንድነት ሁለት ጊዜ ስለሚከፈት ያለ ነፍሳት አገናኝነት እምብዛም አያፈራም።

ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር የጎሳ መሪዎች ለሕዝቡ ከሚያስተላልፏቸው መልእክቶች አንዱ አገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥ መቆጠብ ነው። የደረቀውም ነዋሪ አለው ብዬ ብጨምርበት ሽማግሌዎቹ የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

በጀርመን የክሬፌልድ የነፍሳት ጥናት ማኅበር አባላት፣ ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ63 ጥብቅ ሥፍራዎች በወጥመድ የያዟቸውን በራሪ ነፍሳት ሲመዝኑ ቆዩ። በ27 ዓመት ውስጥ ክብደቱ ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የጠየቃቸው ሚዛንና ትዕግሥት ነው። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከአንድ ተክል ፊት ለ10 ደቂቃ ተቀምጣችሁ የሚመጡትን ነፍሳት ቁጠሩ፤ የአየሩን ሙቀትና ነፋሱንም አብራችሁ መዝግቡ።

እኔ በአጥሩ ጥግ ሌላ ደረቅ ግንድ አቁሜያለሁ። ንቧ ቀለም የተቀባ እንጨት መብሳት ስለማትወድ የጣራዬን እንጨት ቀብቼዋለሁ። በግንዱ ላይ እስካሁን አንድ ቀዳዳ አለ።