ምስክርነትና የተዘለለው ስም

ስለ ሆሎኮስት ወሬ በተነሳ ቁጥር በብዙ ቤታችን አንድ ዓይነት መልስ ይሰማል። «የእነርሱን ለቅሶ ለምን ያመጡብናል? ለእኛስ ማን አለቀሰልን?» ከዚያም ደፈር የሚል አንዱ «እሱም ቢሆን የተጋነነ ነው» ብሎ ይጨምራል። ልጆቻችንም ይህን እየሰሙ ያድጋሉ። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም አባባሎች ጋር ሙግት አለው። የመጀመሪያው ከፊል እውነት አለበት። ሁለተኛው ግን ውሸት ነው። ስድስት ሚሊዮን ያህል አይሁድ በናዚዎችና በተባባሪዎቻቸው መገደላቸው ገዳዮቹ ራሳቸው በተዉት ሰነድ ጭምር የተረጋገጠ ጉዳይ ነው። ሙግታችን ባዶ ሜዳ ላይ እንዳይሆን አንድ የታወቀ ንግግር ይዘን እንመርምር።

ተናጋሪው ኤሊ ቪዘል ነው። በ1928 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩማንያ፣ ሲጌት በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1944 ገና በ15 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውሽዊትዝ ተጋዘ። እናቱና ትንሿ እኅቱ እዚያ ተገደሉ፤ አባቱ ደግሞ በቡኸንቫልድ ካምፕ ሞተ። እርሱ ኤፕሪል 11 ቀን 1945 ካምፑ ነጻ ሲወጣ በሕይወት ተገኘ። በ1986 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ፤ በ2016 ሞተ። የምንመረምረውን ንግግር ያደረገው ኤፕሪል 12 ቀን 1999 በዋይት ሐውስ፣ በፕሬዚዳንት ክሊንተንና በባለቤታቸው ፊት ነው። ርዕሱም ግዴለሽነት የሚያመጣው አደጋ ነበር።

ሲጀምር «እኔ» አይልም። ከካርፓትያ ተራሮች ስለመጣ አንድ አይሁዳዊ ልጅ ይተርካል። ልጁ ነጻ ወጥቷል፤ በልቡ ግን ደስታ የለም። ልጁ ተናጋሪው ራሱ መሆኑን አድማጭ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ለምን እንዲህ አዞረው? «ተበደልኩ» የሚል ሰው አድማጩን ዳኛ ያደርገዋል፤ ስለ አንድ ልጅ የሚተርክ ግን አድማጩን አባት ያደርገዋል። ልጁ የአሜሪካ ወታደሮችን የሚያመሰግነው ደግሞ ስለ ዳቦ አይደለም፤ ያዩትን ባዩ ጊዜ በዓይናቸው ላይ ስለተነበበው ቁጣ ነው። ቁጣ ቢያንስ ሰው ሰውን ማየቱን ያሳያል፤ ግዴለሽነት ግን አያይም። ምስጋናው ካለቀ በኋላ በዚያው አዳራሽ የባለቤቱን ቤት ነውር ያነሳል፦ በ1939 ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አይሁድ ስደተኞችን የጫነችው ሴንት ሉዊስ መርከብ እስከ አሜሪካ ዳርቻ ደርሳ ወደ አውሮፓ እንደተመለሰች። በጋባዡ ፊት ይህን ማንሳት ድፍረት ይጠይቃል።

አንድ ቦታ ላይ ግን እኛ አብረነው አንሄድም። ግድ ከሌለው አምላክ ይልቅ የሚበድል አምላክ እንኳ ይሻላል የሚል ሐሳብ ያነሳል። አላህ (ሱ.ወ.) በዳዮች ከሚሠሩት ነገር ዘንጊ እንዳልሆነ በሱረቱ ኢብራሂም ተምረናል። ይሁንና ያ ሐሳብ የወጣው አባቱ በካምፕ ሲሞት ካየ አንደበት ነው። ጠግበን ተቀምጠን ልንፈርድበት አይገባም።

በንግግሩ ውስጥ የሙስሊም አንባቢን ዓይን የሚያቆም ቃልም አለ። ከእስረኞች ሁሉ አሳዛኞቹ «ሙዘልመነር» ይባሉ የነበሩት ናቸው ይላል፤ በብጭቅጭቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው መሬት ላይ የወደቁ፣ ዓይናቸው ባዶ የቀረ፣ ረሃቡ እንኳ የማይሰማቸው። ቃሉ በጀርመንኛ «ሙስሊሞች» ማለት ነው! በካምፑ ቋንቋ ተስፋ ቆርጦ ሞቱን የሚጠብቅ ሰው መጠሪያ ሆኖ ነበር፤ ጣልያናዊው ፕሪሞ ሌቪም ጽፎታል። ስለ አመጣጡ ብዙ ግምት አለ። አንዱ፣ ሙስሊም የመጣበትን ሁሉ ያለ ትግል ይቀበላል የሚለው የአውሮፓውያን የቆየ ሐሜት ነው፤ ሌላው በድካም የተደፋው ገላ ሱጁድ መምሰሉ ነው። ሱብሃነላህ! ተስፋ መቁረጥ የተከለከለበት ዲን የተስፋ መቁረጥ ስም ሆነ። ቪዘል ቃሉን አልፈጠረውም፤ ግን አንድም ማብራሪያ ሳይሰጥበት አልፎታል። ስለ ግዴለሽነት በሚናገር ንግግር ውስጥ ይህ ራሱ ትንሽ ግዴለሽነት ነው። ሆኖም ቅሬታችን እዚያ ላይ ካቆመ እኛም ስሙን አይተን መሬት ላይ የወደቀውን ሰው ዘልለነዋል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ ሰው ስለ ሙስሊሞች ደም ዝም አላለም። በኤፕሪል 1993 በዋሽንግተን የሆሎኮስት ሙዚየም ሲመረቅ ወደ ክሊንተን ዞሮ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ያየው ነገር እንቅልፍ እንደነሳው፣ ደም መፍሰሱን ለማስቆም አንድ ነገር መደረግ እንዳለበት ነገራቸው። ዓለም ግን ዘገየ። በጁላይ 1995 በስሬብሬኒትሳ ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተጨፈጨፉ። በ1999ም ለኮሶቮ አልባንያውያን ተናግሯል። በናዚ ዘመን በአልባንያ ሙስሊም ቤተሰቦች አይሁድን በቤታቸው ሸሽገው እንዳተረፉ ስንቱ ቤተሰብ ለልጆቹ ነግሯል?

አሁን ወደ ዋናው ክሳችን እንምጣ። ቪዘል የዘመኑን መከራ በአገር ስም ይዘረዝራል፦ ካምቦድያ፣ አልጄርያ፣ ሩዋንዳ፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ፣ ሳራዬቮ፣ ኮሶቮ። ፍልስጤም የለችም። የትም የለችም እንዳንል ደግሞ አለች፤ በደስታው ዝርዝር ውስጥ! የእስራኤል መመሥረት ከመልካሞቹ ክንዋኔዎች ይቆጠራል፤ ራቢንና አራፋት በክሊንተን ጋባዥነት መገናኘታቸውም ይወሳል። በ1948 ከቤታቸው የተፈናቀሉት ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ግን በመከራው መዝገብ አልሰፈሩም። በ1986 በኦስሎ ስማቸውን አንስቶ ነበር፤ ያኔም ችግራቸው እንደሚሰማው ገልጾ ወዲያው የሚያወግዘውን የትግል ስልታቸውን አስከተለ። ለሌላው መከረኛ ሐዘኑ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሲሰጥ ለፍልስጤማዊው ከማሳሰቢያ ጋር ተሰጠ። ግዴለሽነት የሚጀምረው ከዝርዝር ውስጥ ስም ሲዘለል አይደለምን? በኦክቶበር 2023 ጥቃት በእስራኤል 1,200 ያህል ሰዎች ከተገደሉ፣ ከዚያም በጋዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ካለቁ በኋላ ያንን ዝርዝር ስናነብ ክፍተቱ ይበልጥ ያማል።

ነገር ግን «እርሱ የእኛን ስለዘለለ እኛም የእርሱን እንክዳለን» የሚል ሰው ከየትኛው ኪታብ አገኘው? ሱረቱል ማኢዳህ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዝዛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነሥተው ቆሙ፤ የአይሁዳዊ ነው ሲባሉም እርሱስ ነፍስ አይደለምን ብለው መለሱ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። መዝሉምን ለመርዳት ሌላውን መዝሉም ውሸታም ማለት አያስፈልግም። የፍልስጤማዊው ጩኸት እውነት የሚሆነው የሲጌቱ ልጅ ጩኸት ሐሰት ሲሆን ነው የሚል ሰው ለዛሊሙ ጠበቃ እየቆመለት ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ የእኛም ስም አለ፤ «ኤርትራና ኢትዮጵያ» በአንድ ትንፋሽ የታለፈ ጥንድ። ያ ንግግር ሲደረግ ጦርነቱ ዓመት ሊሞላው የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። በሁለቱም ምሽግ ለፈጅር የሚነሱ ልጆች ነበሩ፤ በሁለቱም በኩል በአፈር ላይ ቀሩ። በዚያ ሰሞን በቴሌቪዥን የኮሶቮን ስደተኞች እያየን እንባችንን ጠርገናል። ባድመ ተያዘች ሲባል ደግሞ እልል ብለናል። ከወዲያ ማዶ ልጇ የወደቀባትን እናት በዚያች ሰዓት ያሰበ ከመካከላችን ስንት ነበር? እኔ አላሰብኳትም።