ለደጋን እናት ስለ ኮምጣጤ የተጻፈ መልስ



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ የመጣው ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከደጋን ነው። ጸሐፊዋ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ እናት ሲሆኑ፣ የስኳር ሕመም ከያዛቸው ስድስት ዓመት እንደ ሆነ፣ ሐኪም ያዘዘላቸውንም ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የተባሉ ክኒኖች ሲውጡ እንደ ኖሩ ገልጠዋል። ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የምታድር ልጃቸው ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ አንድ ጠርሙስ የፖም ኮምጣጤ ልካላቸዋለች። በስልክም፣ «እማዬ፣ በየጧቱ በባዶ ሆድሽ ሁለት ሁለት ማንኪያ ጠጪው፤ ስኳሩን ያጠፋልሻል፣ ውፍረቱንም ይቀንስልሻል። ክኒኑ ኩላሊት ነው የሚጎዳው፤ ይህ ግን የተፈጥሮ ነው» ብላ መክራቸዋለች።

እናታችን የልጃቸውን ምክር ሰምተው ክኒኑን አቆሙ። ጾሙ ስለ ገባ ግን «በጧት ብጠጣው ጾሙን ይሽርብኛል» ብለው ወደ ማታ አዛወሩት። ይህን ካደረጉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አሁን ሌሊት ሌሊት ውኃ ጥሙ እየቀሰቀሳቸው፣ ዓይናቸውም ብዥ እያለባቸው፣ «ልጄ ስለ እኔ አዝና፣ ከላቧ ላይ ቆጥባ የላከችውን ነገር ልተወው ወይስ ልቀጥልበት?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የመጽሔቱን መውጫ ቀን አይጠብቅም። ደብዳቤው በእጃችን በገባ ዕለት ደውለን፣ የሌሊቱ ጥምና የዓይኑ ብዥታ ስኳሩ ከፍ ማለቱን የሚያመለክቱ ስለ ሆኑ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪማቸው እንዲሄዱ ነግረናቸዋል። እርሳቸውም ሄደው ተመርምረዋል፤ ክኒናቸውንም እንደገና ጀምረዋል። ይህን በአደባባይ የምንጽፈው በእርሳቸው ፈቃድ ነው፤ ይህ ጠርሙስ ዛሬ በደሴም በኮምቦልቻም በብዙ ጓዳ ስለሚገኝ ለሌሎች እናቶችም ይበጃል ብለን ነው።

ኮምጣጤ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠጅ ጥላ የሚጥል የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች፤ የጋኑ አፍ ሳይከደን የቆየ ጠጅ ጣዕሙን ለውጦ ሲኮመጥጥ አይታለችና። ስሙም ከዚያው ከመኮምጠጡ የወጣ ነው። በየሱቁ «አቼቶ» የምንለው ደግሞ ከጣልያንኛ የተወሰደ ስም ሲሆን ትርጓሜው ያው ኮምጣጤ ነው። የፖም ኮምጣጤም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የፖሙ ጭማቂ መጀመሪያ በእርሾ ፈልቶ ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል፤ ከዚያም አየር ሲያገኘው በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አልኮሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ይህን የሕዋሳት ሥራ መርምሮ የገለጠው ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ነው፤ ጥናቱንም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1864 ነበር። በጠርሙሱ ግርጌ የሚታየው ደመና መሰል ነገር፣ ሻጮች «እናቱ» እያሉ የሚያሞጋግሱት፣ የእነዚያ ሕዋሳትና የሠሩት ድር ክምችት እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ፖሙ ራሱ ብርድ የሚወድ የደጋ ዛፍ ነው፤ በአገራችን ስመ ጥር የሆነው የጋሞው የጨንቻ ፖም ነው። ደጋን ስሟ ደጋ ደጋ ቢሸትም ለፖም የሚሆን ብርድ የላትም። ስለዚህ ጠርሙሱ ሩቅ አገር ተጉዞ የመጣ፣ ዋጋውም የከበደ ነው። በውስጡ ያለው ግን በአብዛኛው ውኃ ሲሆን፣ ከመቶው አምስት እጅ ያህሉ አሲድ ነው።

መድኃኒት ነው የሚለውስ ወሬ ከየት መጣ? የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ሂፖክራጥስ ኮምጣጤን ከማር ጋር ቀላቅሎ ለሳል ያዝ እንደ ነበረ ይታወቃል። የዛሬውን ዝና በዓለም ያስነሣው ግን በአሜሪካ በቬርሞንት የኖረ ጃርቪስ የተባለ ሐኪም ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ባላገር መድኃኒት ባሳተመው መጽሐፍ የፖም ኮምጣጤና ማር ለብዙ ዓይነት ሕመም ይረዳል ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉም እጅግ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ያልተባለለት በሽታ የለም።

ሐሰት ብቻ ነው ብለን ግን አንፈርድም፤ ጥቂት እውነት አለበትና። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን 29 ሰዎችን ሰብስበው፣ ዳቦና የብርቱካን ጭማቂ ከማብላታቸው በፊት በውኃ የበረዘ የፖም ኮምጣጤ አጠጧቸው። ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር በመጠኑ ዝቅ አለ። ነገር ግን ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ሕመሙ ሊይዛቸው በተቃረቡት ላይ ነበር፤ ሕመሙ በያዛቸው ላይ አንሷል። አሲዱ ምግቡን በሆድ ውስጥ ያዘገየዋል፤ የዱቄቱም ወደ ስኳር መለወጥ ቀስ ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው ከገበታ ጋር ሲወሰድ ነው። ከምግብ ርቆ በባዶ ሆድ የተጠጣ ኮምጣጤ የሚያዘገየው ምግብ የለውም።

ስለ ውፍረቱ ደግሞ የምንነግራችሁ አንድ ታሪክ አለ፤ ነገሩም የተነሣው ልጅቱ ከምትኖርበት ከሊባኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በዚያ አገር 120 ወጣቶች በየጧቱ ጥቂት የፖም ኮምጣጤ ጠጥተው በ12 ሳምንት ብዙ ኪሎ ቀነሱ የሚል ጥናት በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ወሬው በዓለም ጋዜጦችና በየስልኩ ተዛመተ። በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ቁጥሮቹን ቢመረምሩ የማይታመኑ ሆነው አገኟቸው፤ ስሌቱም ስሕተት ነበረበት። ስለዚህ አሳታሚዎቹ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከመዝገባቸው ሠረዙት። ስረዛው ግን እንደ መጀመሪያው ወሬ ክንፍ አላበቀለም። ልጅቱ ለእናቷ የነገረችው ዋሽታ አይደለም፤ የሰማችውን ነው። ከዚያ በፊት በጃፓን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ነበር፤ በ12 ሳምንት የቀነሰው ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

«የተፈጥሮ ስለ ሆነ አይጎዳም» የሚለውን አነጋገር በተለይ እኛ የወሎ ሰዎች ልንለው አይገባም ነበር። ኮሶን ማን ያላወቀ አለ? የዛፍ አበባ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የተፈጥሮ ነገር የለም። ሥራውም እውነተኛ ስለ ሆነ በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ በመድኃኒት መዝገባቸው አስገብተውታል። ሆኖም ኮሶ የጠጣ ሰው እንዴት ይደክም እንደ ነበረ፣ ያን ቀን ሥራ እንደማይታዘዝ፣ መጠኑም ሲያልፍ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርስ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሎች ዛሬም አሉ። ሥራ ያለው ነገር ሁሉ መጠን አለው፤ መጠን ያለውም ሁሉ ሲያልፍ ይጎዳል።

ኮምጣጤም እንዲሁ ነው። ሳይበረዝ የጠጡት ጉሮሮን ይልጣል። በየዕለቱ አፍ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የጥርስን ገበር ይበላል። በኦስትሪያ አንዲት የ28 ዓመት ወጣት ለስድስት ዓመት በየቀኑ ሩብ ሊትር ያህል ስትጠጣ ኖራ፣ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ከደሟ ጎድሎ፣ አጥንቷም ሳስቶ ሆስፒታል መግባቷ እ.ኤ.አ. በ1998 ተጽፏል። ስለዚህ ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች እጥፍ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ያም ክኒን ፖታሲየምን ይቀንሳልና። ስኳር ዘመን ቆጥሮባቸው ሆዳቸው የደከመባቸው ሕሙማን ደግሞ አሉ፤ በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ ታየው ኮምጣጤው የእነርሱን ሆድ ይብሱን አዘግይቶታል። በቆዳ ላይ ኪንታሮትና ጥቁር ነጥብ ያጠፋል ብለው በጨርቅ ነክረው አስረው ያደሩ ልጆችም ተቃጥለዋል። ለሕፃን፣ ለዓይንና ለቁስል ከቶ አይቀርብም።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ሰው ለምን ወደ ጓዳው እንደሚሮጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ሥራው ተቋርጦ ነበር። የስኳርና የግፊት ሕሙማን መድኃኒት የሚሰጣቸው አጡ። በዚያ ክፉ ወቅት በእጁ የተገኘውን ሁሉ የሞከረ ሰው ሊወቀስ አይገባውም። ዛሬ ግን ሆስፒታሉ ሥራውን ቀጥሏል፤ ክኒኑም በመድኃኒት ቤት ሲጠየቅ ይገኛል። በችግር ቀን የተለመደውን በደህና ቀን መቀጠል ነው የሚያሳስበን።

ክኒኑ ኩላሊት ይጎዳል ስለሚባለውም አንድ ቃል እንበል። ኩላሊትን በብዛት የሚጎዳው ያልተገታው ስኳር ራሱ ነው። እውነት ነው፣ ኩላሊቱ አስቀድሞ የደከመ ሰው የሜትፎርሚን መጠኑ ሊቀነስለት ወይም ሊለወጥለት ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ደም መርምሮ ሐኪሙ ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም፤ ከቤይሩት የምትደውል ልጅም አይደለችም።

ጾሙን በሚመለከት፣ እናታችን ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ሁለቱንም ያማክሩ። ግሊቤንክላሚድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መዋል፣ በላዩም ኮምጣጤ መጨመር፣ ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብ ከመታ፣ አነጋገር ከተምታታ፣ ወዲያው ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው፤ በዚያች ሰዓት ጾም ነው ብሎ ማመንታት ነፍስን ያስከፍላል። የቤተ ሰቡ ልጆች ሁሉ ይህን ምልክት ይወቁት።

ኮምጣጤ በእውነት ለእናቶች የሚያገለግልበት አንድ የሕክምና ሥራም አለ፤ ብዙዎች ስለማያውቁት እዚህ ላይ እናነሣዋለን። የማሕፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ ለማወቅ በጤና ተቋሞቻችን በሚደረገው ምርመራ፣ አዋላጇ ወይም ነርሷ ከሦስት እስከ አምስት በመቶ የሆነ የኮምጣጤ አሲድ በጥጥ ነክራ ትቀባለች። የታመመ ክፍል ካለ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ጊዜ ሳያልፍም ይታከማል። በአገራችን ይህ ምርመራ የታሰበው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ሥራው የባለሙያ ስለ ሆነ በቤት የሚሞከር አይደለም፤ ዕድሜያችሁ የደረሰ እኅቶች ግን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጠርሙሱን ምን ላድርገው ለሚለው፣ እናታችን ይጣሉት አንልም፤ የልጅ ልፋት ነውና። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት፣ ለምግብም ያውሉት። ለጾም የሚስማማውን አዚፋ እንዲህ ይሥሩ። አንድ ብርጭቆ ድፍን ምስር ለቅመው አጥበው እስኪለሰልስ ይቀቅሉ፤ ውኃውን አጥልለው ያቀዝቅዙና ግማሹን ብቻ በማንኪያ ጀርባ ደፍጠጥ ያድርጉት። አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ በደቃቁ ይክተፉበት። ተፈጭቶ በውኃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ አንድ ማንኪያ ዘይትና ጥቂት ጨው ይጨምሩ። ከዚያም ሎሚ ይገባ በነበረበት ፈንታ ከዚሁ ኮምጣጤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያድርጉበትና አማስለው ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። በእንጀራ ሲበሉት እንጀራውን ቀነስ፣ አዚፋውን በዛ ያድርጉ። ከበሉም በኋላ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ። ኮምጣጤው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ላኪልኝ ብለው ልጅዎን አያስቸግሯት፤ የገበያው ሎሚ ያንኑ ሥራ ይሠራል።