ሽንት አመለጠኝ ማለት ነውር አይደለም

ከዱከም ሚኒባስ ተሳፍሮ አዳማ ወይም አዲስ አበባ መሄድ ለብዙዎቻችን ተራ ነገር ነው። ሽንቷ ወይም ሰገራዋ ለሚያመልጣት እናት ግን ጭንቅ ነው። ስለዚህ ቤቷ ትቀመጣለች፤ እኛም "የእርጅና ነገር" ብለን እናልፋታለን።

ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሥራ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ቀዳዳው በቀዶ ጥገና ተዘግቶም ሽንት መቆጣጠር የሚያቅታቸው አሉ። ሕክምናው በስፌት አያበቃም ማለት ነው።

ፊኛንና ፊንጢጣን የሚያዙት ነርቮች ከአከርካሪ የታችኛው ክፍል ይነሳሉ። እዚያ ተቀብሮ ነርቩን የሚያነቃቃ መሣሪያ በአሜሪካ ለሽንት በ1997፣ ለሰገራ በ2011 ተፈቅዷል። ዋጋው ግን አይቀመስም። ሌላው መንገድ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ባለው ነርቭ ቀላል ኤሌክትሪክ መስጠት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድም ይሰጣል። በተለይ ሽንት ድንገት የሚያጣድፋቸውን ይረዳል እንጂ ፊስቱላ አይዘጋም፤ ለሁሉም አይሠራም።

የእኔ አስተያየት፦ 12 ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሺ ከምንላት ሕክምናው በአቅራቢያዋ ይሰጥ፤ የፊዚዮቴራፒና የነርስ ተማሪዎችም ይማሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ግን እኛ አፍረን ካልጠየቅናት እሷ እንዴት ትናገር?