«ተጠንቀቂ» ብቻውን ስንቅ አይሆንም

ልጅቷ ከመርሳ ወይም ከሀብሩ ገጠር ተነስታ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሁላችንም የምንሰንቅላት ምክር አንድ ነው፤ «ተጠንቀቂ!» ከማን? የሚተናኮላት የሚያስተምራት ሰው ቢሆንስ ወዴት ትሂድ? እዚህ ላይ ስንደርስ ወልድያም መርሳም ዝም ይላል።

እኛ ግን ዝም አንልም። ውጤት ይዞ ገላ መጠየቅ ፍቅርም ቀልድም አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 መምህርን ለይቶ ጠርቶ፣ በሴቷ ላይ ባለው ሥልጣን ተጠቅሞ ግብረ ሥጋ የፈጸመ በቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። ችግሩ፣ ሕጉ የሚንቀሳቀሰው በግል አቤቱታ መሆኑ ነው። ታዲያ ሕጉ መኖሩን የማታውቅ ልጅ እንዴት ትክሰሰው?

«ምን ለብሳ ነበር?» የምትሉን ደግሞ አንቀጹን አንብቡት፤ ስለ ቀሚስ አንድ ቃል የለውም።

ጥያቄያችን ቀላል ነው። ለአዲስ ተማሪ ላይብረሪውና ካፌው የት እንደሆነ ሲነገራት፣ አቤቱታ የሚቀበለው ቢሮም ይነገራት። የወልድያና የመርሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ገና 12ኛ ክፍል ሳለች አንቀጽ 625ን ያስተምሯት። መምህራኑም ባሉበት ይነበብ። «ተጠንቀቅ» መባል ያለበት እሱ ነዋ!