ለሠራተኛ እጅ የሚሆን ሰዓት

በሰዓት መሸጫ ሱቆች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መደርደሪያ ይታያል። በአንደኛው ወፈር ወፈር ያሉ፣ ጀርባቸው በጥብቅ የተዘጋ፣ ቢወድቁም የማይሰበሩ የሚመስሉ ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ የወንድ ናቸው ይባላል። በሌላኛው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያነሱ፣ ወርቃማ ቅብ የተቀቡ፣ ማሰሪያቸው እንደ ክር የቀጠነ ሰዓቶች ይገኛሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሴት ናቸው። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ውኃ የሚነካው፣ ሊጥ የሚያቦካው፣ ልብስ የሚያሸው፣ ሕፃን የሚያጥበውና ቅርጫት የሚሸከመው የማን እጅ ነው? ብዙ የሚደክመው እጅ በጣም ደካማውን ሰዓት እንዲያስር መደረጉ የሚያስገርም ነው። በዛሬው አምዳችን ዕድሜ ልክ ሊያገለግል የሚችል የእጅ ሰዓት እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን።

የእጅ ሰዓት ታሪክ ራሱ ከሴቶች ጋር የተያያዘ ነው። ብሬጌ የተባለው ዝነኛ የፓሪስ ሰዓት ሠሪ ለኔፕልስ ንግሥት ለካሮሊን ሙራ በእጅ የሚታሰር ሰዓት እንዲሠራ የታዘዘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1810 ነበር። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ወንዶች ሰዓታቸውን በሰንሰለት አስረው በኪሳቸው ሲይዙ፣ በእጅ የሚታሰረው የሴት ጌጥ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች ከኪስ ሰዓት ማውጣት ስላስቸገራቸው፣ በእጅ የማሰር ልማድ በወንዶች ዘንድ ተስፋፋ። ሮሌክስ የተባለው ኩባንያ በ1926 ውኃ የማያስገባ ሰዓት ሠርቶ ሲያወጣም፣ ሰዓቱ በሰፊው የታወቀው መርሴዲስ ግላይትስ በተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ አማካይነት ነው። ይህች ሴት በጥቅምት ወር 1927 ሰዓቱን በአንገቷ አንጠልጥላ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ዋኘች። ቅዝቃዜው ስለበረታባት ከአሥር ሰዓት በላይ ከዋኘች በኋላ ዳር ሳትደርስ ከውኃው እንድትወጣ ተደረገ፤ ሰዓቱ ግን አልቆመም ነበር። የሴት ሰዓት ለጌጥ ብቻ ነው የሚለውን አባባል ይህ አንድ ታሪክ ብቻ ሊያፈርሰው በቻለ ነበር።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ሰዓትን በብዛት የሚገድለው ውኃ ነው። ውኃ የሚገባበትም በር ሦስት ነው፤ በመስተዋቱ ዙሪያ፣ በጀርባው ክዳንና በስተጎን ባለችው መሙያ በኩል። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች አሉ። ጎማ ደግሞ በሙቀት፣ በላብና በዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሲገዛ ውኃ ያላስገባ ሰዓት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢያስገባ የሚያስደንቅ አይደለም።

በሰዓቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ብዙዎችን ያሳስታል። 30 ሜትር ማለት ሰዓቱን አስሮ 30 ሜትር መጥለቅ ይቻላል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚያሳየው በመሞከሪያ ክፍል ውስጥ የተለካ የውኃ ግፊትን ነው። በተግባር 30 ሜትር የተባለው ዝናብንና በእጅ መታጠብ ጊዜ የሚረጭ ውኃን ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም። ለመዋኘት 100 ሜትር የተባለው ይመረጣል። እጇ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ለማይወጣ ሴት እኔም ከ100 በታች አልመክርም። ይሁን እንጂ 100 የተባለውም ቢሆን ለፈላ ውኃና ለእንፋሎት አልተሠራም። ሳሙና ያለበት ውኃም ከንጹሕ ውኃ ይልቅ በጠባብ ክፍተት ሾልኮ የማለፍ ጠባይ አለው። መሙያዋ እንደ ብሎን ተጠምዛ የምትዘጋ ከሆነች ይበልጥ አስተማማኝ ናት፤ እጃችሁ እርጥብ ሳለ ግን መሙያውን ፈጽሞ አትሳቡ።

ከውኃ ቀጥሎ የሚመጣው ጠላት ምት ነው። በሚሞላ ሰዓትና እጅ ሲንቀሳቀስ ራሱን በሚሞላው አውቶማቲክ ውስጥ ያለው ሚዛን የሚዞርበት ዘንግ ጫፉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ጥሩ ሰዓቶች ምትን የሚያበርድ ትንሽ ሞላ ተደርጎላቸዋል፤ ቢሆንም ሙቀጫ ለምትወቅጥ ወይም መጥረቢያ ለሚያነሣ እጅ የባትሪው ዓይነት ይሻላል። በባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ደንጊያ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ በዚህም የተነሣ ተራው የባትሪ ሰዓት እንኳ በወር የሚሳሳተው 15 ሰከንድ ያህል ነው። የሚሞላው ግን በቀን ብዙ ሰከንዶች ሊያዘገይ ወይም ሊያፈጥን ይችላል።

ኪኩዎ ኢቤ የተባለው የጃፓኑ ካሲዮ ኩባንያ መሐንዲስ ከአባቱ የተሰጠው ሰዓት ወድቆ ስለተሰበረበት፣ የማይሰበር ሰዓት ለመሥራት ተነሣ። ለሙከራ የሠራቸውን ሰዓቶች ከፎቅ መስኮት ወደታች ይጥል ነበር፤ 200 ያህል ሠርቶ ብዙዎቹ ተሰባበሩበት። በመጨረሻ አንድ ሕፃን በመናፈሻ ኳስ ስታነጥር አይቶ፣ የሰዓቱ ልብ በኳስ መካከል እንደተንሳፈፈ ነገር ቢሆን ምቱ አይደርስበትም ሲል አሰበ። ጂ-ሾክ የተባለው ሰዓት በዚህ መንገድ ተሠርቶ በ1983 ለገበያ ቀረበ፤ ለሴት እጅ አነስ ያለው ቤቢ-ጂ በ1994 ተከተለ። ስማቸውን ማንሣቴ ለማስታወቅ አይደለም። ገበያው በእነዚሁ ስሞች አስመስለው በተሠሩ ሰዓቶችም የተሞላ ነው፤ ውኃ አያስገባም ብሎ መጻፍ ለአስመሳይም ቢሆን ምንም አያስወጣውም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ጀርባውን ከፍቶ የጎማውን ቀለበት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። መሙያው ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት።

መስተዋቱን በሚመለከት ሳፋየር የተባለው ከአልማዝ በስተቀር በቀላሉ የሚጭረው የለም፤ ነገር ግን በኃይል ከተመታ ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩ በተቃራኒው ቶሎ ይጫጫራል እንጂ አይሰበርም፤ ጭረቱም በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ይለሰልሳል። አካሉ ከማይዝግ ብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ቢሆን መልካም ነው። ወርቃማው ቅብ ሲላጥ ከሥሩ የሚወጣው ርካሽ ብረት ኒኬል ካለበት አንዳንድ ሰው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያመጣል። ሕፃን የምታቅፍ እናት ደግሞ ጠርዙ የሰላ ሰዓት ባትመርጥ ይሻላል።

ስልክ እያለ ሰዓት ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። የታመመ ሕፃን ያስታመመች እናት መልሱን ታውቃለች። ሳል የያዘው ሕፃን ትንፋሹ መፍጠኑን ለማወቅ ልጁ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ሲነሣ እየታየ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ለዚህ ቆጠራ ሰከንድ ቆጣሪ የሌለው ወይም መስተዋቱ በጉም የተሸፈነ ሰዓት አይረዳም። የሴት ከሚባሉት ጌጠኛ ሰዓቶች ብዙዎቹ ሰከንድ ቆጣሪ የላቸውም። ልጃችሁ ነርስ ሆና ስትመረቅ ሰዓት ልትገዙላት ካሰባችሁም ይህን አስቀድማችሁ እዩ። በሥራ ላይ እጅን እስከ ክንድ መታጠብ ስላለባት፣ በደረት ላይ የሚንጠለጠለውና ቁጥሩ ወደ ባለቤቱ የተገለበጠው የነርስ ሰዓት ከማንኛውም የእጅ ሰዓት ይልቅ ይጠቅማታል።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ለእኛ አቆጣጠር ጥቂት ድካም አለው። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ስለሚሄድ፣ የእኛ ወር ደግሞ 30 ስለሆነ፣ ጳጉሜን ጨምሮ በዓመት 13 ጊዜ በእጅ ማስተካከል ግድ ይላል። ይህ ሲደረግ ቆጣሪው 12 አካባቢ ከሆነ ቀኑን የሚገፉት ጥርሶች ተያይዘው ስለሚገኙ ሊሰበሩ ይችላሉ፤ አስቀድሞ አጭሩን ቆጣሪ ወደ 6 ማዞር ነው። በእኛ ሰዓት የሞላችሁት ሰዓት ምሽት 12 ላይ ወደ ነገው ቀን ካለፈ፣ ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ዙር ብታዞሩት ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ላይ ይሆናል።

ባትሪ ስታስቀይሩ ጎማው አብሮ እንዲቀየር ሰዓት ሠሪውን አስታውሱት። ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ፒኖችም በዚያው ያስመርምሩ፤ ብዙ ሰዓት የሚጠፋው በእነዚህ መዛግ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የእናት ወይም የአያት ሰዓት ካላችሁ ባትሪው ካለቀ ዛሬውኑ ይውጣ፤ ፈስሶ ውስጡን ይበላዋል። የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ዘይቱን ሳያድሰው አትሙሉት፤ ዘይት በደረቀበት ሰዓት ውስጥ ጥርስ ጥርስን እየፋቀ ይበላዋል።